የነባር ሬዲዮኖች የመካከለኛ ሞገድ አቀባበል ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ በአገራችን ለረጅም ዓመታት ከዋነኞቹ የመረጃ ማግኛ መንገዶች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ከአጭር ሞገድ ጎን ለጎን በዚሁ ሞገድ ሲያሰራጭ የኖረ ሲሆን፣ በሬዲዮ ይሰጥ የነበረው ትምህርትም ወደየትምህርት ቤቱ ይደርስ የነበረው በመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫዎች ነበር። እነዚህን ሥርጭቶች ሲቀበሉ የኖሩ ባለ ትራንዚስተርና ከዚያም የቀደሙ ባለ ቫልቭ ሬዲዮኖች ዛሬም በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ይገኛሉ።

የባለቤቶቻቸው ቅሬታ ግን ተመሳሳይ ነው። ቀደም ሲል ጥርት ብሎ ይሰማ የነበረው ጣቢያ አሁን በጩኸትና በማጉረምረም ይዋጣል። ብዙዎች ይህን የሬዲዮው እርጅና ያመጣው አድርገው ስለሚወስዱት መሣሪያውን ይጥሉታል፣ ወይም ያለ በቂ ምርመራ ለጥገና ይሰጡታል። ይሁንና ብዙውን ጊዜ የተለወጠው ሬዲዮው ሳይሆን በዙሪያው ያለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው።

የሞገዱ ተፈጥሮ

ኢትዮጵያ በምትገኝበት የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ክልል የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች ከ531 እስከ 1602 ኪሎ ኸርዝ ተደርድረዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 ጄኔቫ ላይ የተደረሰውና በ1978 ሥራ ላይ የዋለው ስምምነት በተከታታይ መስመሮች መካከል የ9 ኪሎ ኸርዝ ርቀት እንዲኖር ደንግጓል። የሞገዱ ርዝመት ከ187 እስከ 565 ሜትር ስለሚደርስ የምድርን ገጽ ተከትሎ ይጓዛል። በተራራማ አካባቢ የኤፍ ኤም ሥርጭት በሚቋረጥበት ስፍራ ሊሰማ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የቀንና የሌሊት አቀባበል ልዩነትም ከዚሁ ተፈጥሮ ይመነጫል። ቀን ቀን የፀሐይ ጨረር ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚፈጥረው የከባቢ አየር ንብርብር ወደ ሰማይ የሚወጣውን ሞገድ ይውጠዋል። ሲመሽ ይህ ንብርብር ስለሚሳሳ ሞገዱ ከላይ ካለው ንብርብር ነጥሮ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በሚበልጡ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ይወርዳል። በመሆኑም ቀን ብቻውን የሚሰማ ጣቢያ ማታ በሌላ አገር ጣቢያ ሊጋፋ ይችላል። ይህ የተፈጥሮ ክስተት በመሆኑ ሬዲዮውን በመጠገን የሚወገድ አይደለም።

መካከለኛ ሞገድን ለረብሻ የሚያጋልጠው ሌላው ጉዳይ የድምፁ አጫጫን ነው። ድምፁ የሚጫነው የሞገዱን ጉልበት ከፍና ዝቅ በማድረግ ነው። መብረቅና የኤሌክትሪክ ብልጭታም ይህንኑ ጉልበት ስለሚያዛቡ ሬዲዮው ሁለቱን መለየት አይችልም። በክረምት ነጎድጓድ ሲበዛ ሬዲዮው የሚንጣጣውም ለዚህ ነው። የኤፍ ኤም ድምፅ ግን በድግግሞሽ ለውጥ ላይ ስለሚጫን ተቀባዩ የጉልበቱን መዋዠቅ ሊያስወግድ ይችላል።

አዲሶቹ የረብሻ ምንጮች

የቀድሞው ባለ ክር አምፖል ለሬዲዮ አቀባበል እንቅፋት አልነበረም። የኤል ኢ ዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የኮምፒውተር ኃይል መስጫና የፀሐይ ኃይል ኢንቨርተር ግን ኤሌክትሪኩን የሚለውጡት በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ በማብራትና በማጥፋት ነው። ለአብነት በ60 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ ቻርጀር ብዜቶቹ በ540፣ በ600 እና በ660 ኪሎ ኸርዝ ላይ ስለሚያርፉ እዚያ ያሉትን ጣቢያዎች ይረብሻል።

ይህን ለመከላከል በዕቃው ውስጥ ማጣሪያ ይገጠማል። በርካሽ የሚሸጡ ምርቶች ግን ብዙ ጊዜ ይህ ማጣሪያ ይጎድላቸዋል። ረብሻው በሕንፃው የኤሌክትሪክ መስመር ስለሚጓዝ ሽቦው ራሱ እንደ አንቴና ሆኖ ወደየክፍሉ ይረጨዋል። ከዚህም ባሻገር በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ያለ የተሰነጠቀ ሲኒ ወይም የላላ ማያያዣ ብልጭታ ስለሚፈጥር አንድን ሠፈር በሙሉ ሊረብሽ ይችላል።

ከሬዲዮው ውስጥ የሚነሱ ችግሮች

ይህ ሲባል ግን ነባር ሬዲዮኖች የራሳቸው ችግር የለባቸውም ማለት አይደለም። ድምፁን ዝቅ ቢያደርጉትም የማይጠፋ ወፍራም ጉርምርምታ አብዛኛውን ጊዜ የኃይል ማጣሪያ ኮንደንሰሮች መድረቃቸውን ያመለክታል። የድምፅ ቁልፉ ሲዞር ብቻ የሚሰማ መንኮሻኮሽ በቁልፉ ውስጥ ያለ አቧራ ውጤት ነው።

ጣቢያው ላይ የሚሰማ ፉጨትም አንዳንዴ የሬዲዮው አሠራር የሚያመጣው ነው። አብዛኞቹ ሬዲዮኖች የተቀበሉትን ሞገድ በቅድሚያ ወደ 455 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ይለውጡታል። የዚህ እጥፍ 910 በመሆኑ በ909 ኪሎ ኸርዝ ላይ ፉጨት ሊሰማ ይችላል። በተመሳሳይ ሁኔታ 600 ላይ የተስተካከለ ሬዲዮ በ1510 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ያለን ኃይለኛ ጣቢያ ደርቦ ሊያስገባ ይችላል።

መንስኤውን መለየት

ቀላሉ መመርመሪያ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ፣ ወይም የሕንፃው ዋና ማብሪያና ማጥፊያ ሲዘጋ፣ ረብሻው አብሮ ከጠፋ ምንጩ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ወይም በዚያው መስመር ላይ ነው። ከዚያም ዕቃዎቹን አንድ በአንድ በመንቀል ጥፋተኛውን ማግኘት ይቻላል። ዋናው ማጥፊያ ተዘግቶም ረብሻው ከቀጠለ ምንጩ ውጭ ነው።

የሬዲዮውን አቅጣጫ መለወጥም ይረዳል። በውስጡ ያለው የፌራይት ዘንግ ጫፉ ወደ ረብሻው ምንጭ ሲዞር አቀባበሉ ስለሚዳከም፣ ሬዲዮውን ቀስ እያሉ በማዞር ረብሻው የሚቀንስበትንና ጣቢያው የሚሰማበትን አቅጣጫ መምረጥ ይቻላል። ለባለ ቫልቭ ሬዲዮ ከ10 እስከ 20 ሜትር የሚደርስ ሽቦ ከኤሌክትሪክ መስመር አርቆ ከቤት ውጭ መዘርጋት ጠቃሚ ነው። ነጎድጓድ ሲኖር ግን ሽቦው ከሬዲዮው መነቀል አለበት።

ባለ ቫልቭ ሬዲዮን መክፈት ለባለሙያ የሚተው ሥራ ነው። ትራንስፎርመር በሌላቸው አንዳንድ ሬዲዮኖች የብረት አካሉ ከ220 ቮልቱ ጋር በቀጥታ ሊገናኝ ይችላል፤ ኮንደንሰሮቹም ከተነቀሉ በኋላ ኃይል ይዘው ይቆያሉ። ለዓመታት ያልተከፈተን ሬዲዮም በድንገት ሶኬት ላይ መሰካት አይገባም። ጠጋኞች መጀመሪያ ባለ ክር አምፖል በተከታታይ በማያያዝ ኃይሉን ገድበው ይሞክሩታል።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው

ጉዳዩ የአንድ ሬዲዮ ባለቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ጽሕፈት ቤት በጅምላ የሚገዛቸው አምፖሎች የጎረቤቱን ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ አቀባበል ሊያበላሹ ይችላሉ። የቴሌፎን መረብ በተቋረጠበት ወይም ባልደረሰበት ስፍራ ደግሞ የጎርፍ ወይም የወረርሽኝ ማስጠንቀቂያ ከሕዝብ የሚደርሰው በሬዲዮ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ረገድ ዓለም አቀፍ መለኪያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1934 የተመሠረተው የሬዲዮ ረብሻ ዓለም አቀፍ ልዩ ኮሚቴ ሲስፕር 15 በሚለው ደረጃ ለመብራት ዕቃዎች፣ ሲስፕር 32 በሚለው ደግሞ ለኮምፒውተርና መሰል መሣሪያዎች የረብሻ ጣሪያ አስቀምጧል። የግዥ ክፍሎች እነዚህን ደረጃዎች በጨረታ ሰነዳቸው ውስጥ ቢያካትቱ ረብሻው ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ይቀንሳል። ምንጩ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ከሆነ ቦታውንና ሰዓቱን መዝግቦ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማሳወቅ ይገባል። ከሌላ የሬዲዮ መሣሪያ የሚመጣ ረብሻ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሊቀርብ ይችላል።

በአጠቃላይ ነባሩን ሬዲዮ አርጅቷል ብሎ ከመጣል አስቀድሞ በአጠገቡ የተሰካውን ዕቃ ነቅሎ ማዳመጥ ወጪን ያድናል፤ አቀባበሉንም ያሻሽላል።