የሚሸተው ፍግ የሚባክን ማዳበሪያ ነው

በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የምትገኘው ሽሮ ሜዳ ስሟ ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው የባህል አልባሳት ገበያዋ ነው። እንዲህ ባሉ የአዲስ አበባ ሰሜናዊ አካባቢዎች ግን ላም አርብቶ ወተት መሸጥም የቆየ መተዳደሪያ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም የወተት ልማትን ያበረታታል። ላም ባለበት ሁሉ ፍግ አለ፤ በጠባብ ግቢ ደግሞ ፍጉ ሸክም ይሆናል።

ከፊሉ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ሲነድም በውስጡ ያለው ናይትሮጂን ከጭሱ ጋር ይጠፋል። ተከምሮ የሚቆየውም ቢሆን ከጥፋት አይድንም። ከክምሩ የሚወጣው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ አሞኒያ ሲሆን፣ በአየር ላይ የሚበተነውም ገበሬው ዩሪያ ገዝቶ የሚያገኘው ያው ናይትሮጂን ነው።

ብክነቱን ለመቀነስ የሚያስፈልገው ከቤት አይርቅም። የመጀመሪያው ድቃቂ ከሰል ነው። ከሰል በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ አሞኒያን ይይዛል፤ ፍጉን ለሚያብላሉ ረቂቅ ተሕዋስያንም መጠለያና አየር ይሰጣል። ከክምሩ አንድ አሥረኛ ያህል ቢጨመር በቂ ነው። ሁለተኛው ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ሲሆን፣ ለተሕዋስያኑ ምግብ ሆኖ ትርፉን ናይትሮጂን ያስይዛል። ሦስተኛው ቀድሞ የበሰለ ብስባሽ ነው፤ እንደ እርሾ ሆኖ ሥራውን ያስጀምራል።

ጥንቃቄ የሚያሻው አመድ ላይ ነው። አመድ ፖታሽየም ስላለው ብዙዎች በክምሩ ላይ ይደፉታል። ሲበዛ ግን የፍጉን አሲዳማነት ስለሚቀንስ አሞኒያው ይበልጥ እንዲተን ያደርጋል። ስለዚህ ጥቂት ብቻ መነስነስ፣ ቀሪውንም ለብቻው አስቀምጦ አሲዳማ በሆነ መሬት ላይ መበተን ይሻላል። ከእንጦጦ የሚሰበሰበው የባሕር ዛፍ ቅጠልም ዘይቱ ተሕዋስያንን ስለሚያዳክም ተከትክቶ በጥቂቱ ካልሆነ አይመከርም።

ክምሩ በጭብጥ ሲጨመቅ ውኃ ሳያንጠባጥብ እርጥበቱ የሚሰማ መሆን አለበት። መሐሉ 55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ ሞቆ ለቀናት ሲቆይ የአረም ዘርና በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይሞታሉ። ሙቀቱ ሲቀንስ ማገላበጥ፣ ከላይም በአፈርና በሣር መሸፈን ያስፈልጋል።

ክምሩ ጠቁሮ የአፈር ሽታ ሲኖረው ደርሷል። ለጓሮ ጎመኑ የሚቀረውም ያኔ ነው፤ ሽታው አፍንጫ እየሰነፈጠ ከቀጠለ ግን ማዳበሪያው ገና በነፋስ እየሄደ ነው።