የዕንቁላል ዕጢ ስስ ልባስ
ከማኅፀን ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ የዕንቁላል ዕጢዎች በአንድ ረድፍ ሴሎች ብቻ የተሸፈኑ ናቸው። በማይክሮስኮፕ ስንመለከታቸው ከፊሎቹ ዝርግ፥ ከፊሎቹም እንደ ጡብ ባለ አራት ማዕዘን ሆነው ይታዩናል። ዋልዳየር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1870፥ ዕንቁላል ከዚህ ልባስ ይወለዳል ብሎ ጻፈ፤ ስሕተት መሆኑ ከታወቀ በኋላም ስያሜው በመጻሕፍት ቀረ።

ዕንቁላሉ ሊወጣ ሲቃረብ ፕሮቲን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች የዕጢውን ግድግዳ ያሳሱታል፤ ልባሱም ይቀደዳል። በዙሪያው ያሉት ሴሎች ተባዝተው በጥቂት ቀናት ይደፍኑታል። እርግዝና ይህን መቀደድ ያሳርፋል፤ የወለዱ ሴቶች በዕጢው ካንሰር እምብዛም አለመያዛቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ዳሩ ግን በብዛት የሚታየው ዓይነት ከማኅፀን ቱቦ ጫፍ እንደሚጀምር ዛሬ ተደርሶበታል።

ሕመሙ ሲጀምር ምልክቱ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሆዷ ተነፍቶ ሳምንታት ያለፈባትን ሴት «ጨጓራ ነው» ብላችሁ አትሸኟት፤ ወደ ሐኪም ምሯት።