የነጭ ወረቀት ትርፍና ኪሳራ የሚለየው ከማንጣቱ በፊት ነው

ወረቀት የሚገዛ ደንበኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ንጣቱን ነው። ይህ ንጣት ግን ከእንጨቱ ጋር አብሮ የሚመጣ ሳይሆን ፋብሪካው በኬሚካል፣ በእንፋሎትና በኤሌክትሪክ የሚገዛው ነው። በመሆኑም አንዱን የፐልፕ አምራች ከሌላው በዋጋ ከሚለዩት ነገሮች አንዱ፣ ያንኑ ንጣት በስንት ወጪ እንደሚያገኘው ነው።

የወጪው ምንጭ ሊግኒን ይባላል። የእንጨቱን ቃጫዎች እርስ በርስ የሚያጣብቅ ሲሆን፣ ከደረቅ እንጨት ክብደት ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ክራፍት በተባለው ዘዴ የተከተፈው እንጨት በኮስቲክ ሶዳና በሶዲየም ሰልፋይድ ሲቀቀል አብዛኛው ሊግኒን ይሟሟል። ጥቂቱ ግን ስለሚቀር ፐልፑ እንደ ሲሚንቶ ወረቀት ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ቅቀላውን ማስረዘም ደግሞ አያዋጣም፤ ቃጫው ራሱ ይጎዳል፣ ከአንድ ቶን እንጨት የሚገኘው ፐልፕም ያንሳል። የቀረው ሊግኒን በማንጣት መውጣት አለበት።

ለረጅም ጊዜ ለዚህ የዋለው የክሎሪን ጋዝ ነበር። ርካሽና ፈጣን ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ከፐልፕ ፋብሪካዎች በታች ባሉ ወንዞች ከተያዙ ዓሦች ውስጥ ዳይኦክሲን የተባለው መርዝ ተገኘ። ክሎሪን ከሊግኒን ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን ገዢዎች ክሎሪን ያልነካው ወረቀት መጠየቅ ያዙ፤ የአሜሪካ መንግሥትም በ1998 ጥብቅ የፍሳሽ ደንብ አወጣ። ፋብሪካዎቹ ወይ መለወጥ ወይ ገበያ ማጣት ሆነባቸው።

ሁለት መንገድ ተከፈተ። አንዱ የክሎሪን ጋዝን ትቶ ክሎሪን ዳይኦክሳይድን መጠቀም ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ ኢሲኤፍ ይባላል። ሌላው ቲሲኤፍ ነው፤ ክሎሪን ያለበትን ሁሉ ትቶ በኦክስጅን፣ በኦዞንና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሠራል። ገበያውን የያዘው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ዛሬም አነስተኛ ድርሻ አለው። ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ግን ሊፈነዳ ስለሚችል ተጭኖ አይጓጓዝም፤ ፋብሪካው እዚያው ከሶዲየም ክሎሬት ያመርተዋል። ስለዚህ በትንሽ መጠን መጠቀሙ ቁጠባ ነው።

ቁጠባው የሚገኘው ከማንጣቱ በፊት ነው። ፐልፑ ከተቀቀለ በኋላ በግፊት ውስጥ ኦክስጅንና ኮስቲክ ሶዳ ቢገባበት ከቀረው ሊግኒን ግማሽ ያህሉ ይወጣል። በንግድ ደረጃ ይህን ቀድሞ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 የደቡብ አፍሪካው የኤንስትራ ፋብሪካ ነው።

ጥቅሙ ኬሚካል በመቀነሱ ብቻ አያበቃም። ከኦክስጅኑ ደረጃ የሚወጣው እጣቢ ክሎራይድ ስለሌለበት ከቅቀላው ጥቁር ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ይተንናል፣ በቦይለር ይቃጠላል፤ እንፋሎትና ኤሌክትሪክ ይሰጣል፣ ሶዳውም ይመለሳል። ክሎሪን ካለበት የማንጫ ክፍል የሚወጣው እጣቢ ግን ቦይለሩን ስለሚበላ ወደዚያ በቀላሉ አይመለስም፤ ወጪ ወጥቶበት ተጣርቶ ይደፋል። ስለዚህ ቀድሞ የወጣ ሊግኒን ማገዶ ነው፣ ዘግይቶ የወጣው ዕዳ ነው።

ገደብም አለው። ኦክስጅኑ ከግማሽ በላይ እንዲያወጣ ከተገደደ ቃጫው ይደክማል፤ መሣሪያውም በአንድ ጊዜ ብዙ ካፒታል ይጠይቃል። ብዙ ገንዘብ ለሌለው ፋብሪካ ዛይላኔዝ የተባለው ኢንዛይም አለ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በፊንላንድ የተጠና ሲሆን፣ ከማንጣቱ በፊት ሲጨመር የኬሚካሉን ፍጆታ ይቀንሳል። በባሕር ዛፍ የሚሠሩት የብራዚል ፋብሪካዎች ደግሞ ሌላ ችግር ገጥሟቸዋል። በቅቀላው ጊዜ የሚፈጠር አሲድ ክሎሪን ዳይኦክሳይዱን ይሻማል፤ እነሱም ፐልፑን አስቀድመው በሙቅ አሲድ ውኃ በማቆየት ያስወግዱታል።

ለወረቀት አስመጪና ነጋዴ ከዚህ ሁለት ነገር ይተርፋል። አንደኛ፣ የኮስቲክ ሶዳ፣ የክሎሬትና የኤሌክትሪክ ዋጋ ሲንር በቅድሚያ የሚጎዳው ሊግኒኑን ዘግይቶ የሚያወጣ ፋብሪካ ነው። ሁለተኛ፣ የሚያብረቀርቅ ንጣት ሁሉ በማንጣት የተገኘ አይደለም። አንዳንዱ በአብሪ ማቅለሚያ የተገኘ ነው፤ የሐሰት ብር በሚመረመርበት መብራት ሥር ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፣ ብርሃን ላይ ሲሰነብትም ይደበዝዛል። የጋዜጣ ወረቀት የሚወይበው ደግሞ ሊግኒኑ ሳይወጣ ስለሚሠራ ነው። ለመዝገብና ለሰነድ የሚሆን ወረቀት የሚፈልግ ደንበኛ ካለ፣ ነጋዴው ከናሙናው ንጣት ይልቅ የፐልፑን ዓይነት ቢጠይቅ ይሻለዋል።