ሐኪሙ ያሰፈረው የቃላት መንደር

መዝገበ ቃላት የምንገልጠው ቃሉን አግኝተን ትርጉሙ ሲጠፋን ነው። የሚጽፍ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚቸገረው በተገላቢጦሹ ነው፤ ሐሳቡ አለ፣ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ አልወጣ ይለዋል። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ሰዎች እንዲህ ሲቸግራቸው ከ170 ዓመት በላይ ሲያገላብጡት የኖሩት መጽሐፍ፣ ቃላትን በሐሳብ ዝምድናቸው የሰበሰበው የሮዤ ቴሶረስ ነው።

ፒተር ማርክ ሮዤ ሙያው ሕክምና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1779 ለንደን ውስጥ ከጄኔቫ ከመጣ ፓስተር ተወለደ፤ በ19 ዓመቱ ከኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። በ1803 የሁለት ልጆች አስተማሪ ሆኖ ጄኔቫ ሳለ ናፖሊዮን እንግሊዛውያንን አስይዙ አለ፤ ሮዤ ያመለጠው በአባቱ በኩል የጄኔቫ ዜጋ መሆኑን አስመስክሮ ነው። ስላይድ ሩል የሚባለውን የስሌት መሣሪያ አሻሽሏል፣ የሚሽከረከር ጎማ ዓይንን እንዴት እንደሚያታልል ጽፏል፣ ሮያል ሶሳይቲ የሚባለው የሳይንስ ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ ከ20 ዓመት በላይ አገልግሏል። ቃላት መሰብሰብ የጀመረው በ1805 ማንችስተር ውስጥ ሲሆን፣ ለራሱ ጽሑፍ መርጃ ብሎ ነበር። ዝርዝሩን አስፋፍቶ ያሳተመው ግን ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ በ1852 ነው። ያኔ 73 ዓመቱ ነበር።

መጽሐፉ የፊደል ተራ አይከተልም። ተፈጥሮን የሚያጠኑ ሰዎች ዕፅዋትንና እንስሳትን በወገን እንደሚመድቡ ሁሉ፣ ሮዤ የሰውን ሐሳብ መደበ። ስድስት ታላላቅ ክፍሎች አሉት፦ ረቂቅ ዝምድና፣ ስፍራ፣ ቁስ፣ አእምሮ፣ ፈቃድና ስሜት። በእነዚህ ሥር 1000 ርዕሶች ተደርድረዋል፤ የመጀመሪያው «መኖር»፣ የመጨረሻው «ቤተ መቅደስ» ነው። መንገዱን የጠረገ የመጀመሪያው ሰው እሱ አይደለም። እንግሊዛዊው ምሁር ጆን ዊልኪንስ በ1668 ዕውቀትን ሁሉ በወገን ለመመደብ ሞክሯል፤ ሕንዶችም በሳንስክሪት የተጻፈ አማራኮሻ የሚባል ጥንታዊ የቃላት ስብስብ አላቸው። ሮዤ ሁለቱንም በመግቢያው ያነሳቸዋል።

ለእኔ የመጽሐፉ ብልሃት ያለው በተቃራኒዎቹ አቀማመጥ ነው። ሮዤ ገጹን ለሁለት ከፍሎ ተቃራኒ ሐሳቦችን ፊት ለፊት አስቀመጠ። ፍቅር 897ኛ ነው፣ ጥላቻ 898ኛ፤ አንዱን የፈለገ ሌላውን ሳያይ አያልፍም። ደግሞም ተቃራኒ ሁልጊዜ ጥንድ እንዳልሆነ ያውቃል። መጀመሪያና መጨረሻ መካከል አላቸው፤ ባለፈውና በሚመጣው መሃል አሁን አለ። ያው አንድ ቃል እንኳ እንደ አገባቡ ተቃራኒው ይለዋወጣል። «ኦልድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ለዕቃ ሲሆን ተቃራኒው «ኒው» ነው፣ ሕይወት ላለው ሲሆን ግን «ያንግ»። ይህን ምሳሌ የሰጠው ራሱ ሮዤ ነው፤ ተቃራኒ በጥንድ በጥንድ አስሸምድደው ለሚያልፉ የትምህርት ቤት ደብተሮች ዛሬም ትምህርት ይሆናል።

መጽሐፉ ሆን ብሎ የተወው ነገር ትርጉም ነው። ቃላቱ እንደ ጎረቤት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የማን ጠባይ ምን እንደሆነ የሚነግር የለም። «ቲን» ማለትም ቀጭን የሚለውን ውሰዱ። በአቅራቢያው «ስሌንደር»፣ «ስኪኒ» እና «ጎንት» አሉ። ሴትዮዋን «ስሌንደር» ብትሏት ሸንቃጣ ናት ማለታችሁ ነው፣ ደስ ይላታል። «ስኪኒ» ብትሏት አጥንቷ ገጥጦ ታየን ያላችኋት ያህል ትቀየማለች። «ጎንት» ካላችኋት ደግሞ ሕመም ወይም ረሃብ ፊቷን አክስቶታል ብላችኋታል። እንግሊዝኛን ከክፍልና ከመጽሐፍ ለለመድን ሰዎች አደጋው እዚህ ላይ ነው። ቴሶረስ የሚረዳው ቃሉን አስቀድሞ አውቆ ለዘነጋው ሰው ነው፤ አዲስ ቃል ከዚያ አንስቶ ማመልከቻ ላይ የሚለጥፍ ሰው ብዙ ጊዜ ነገሩን ያበላሻል። «ዩዝ» የሚለው ቀላል ቃል ይበቃ የነበረበት ቦታ ሁሉ «ዩቲላይዝ» ተደርድሮ ስታዩ፣ ከኋላው ይህን መሰል ዝርዝር ሳይኖር አይቀርም።

ሮዤ በ1869፣ በ90 ዓመቱ ሲሞት ሥራውን ልጁ ጆን ሉዊስ ተረከበ፣ ከዚያም የልጅ ልጁ ሳሙኤል። ልጁ በ1879 ባወጣው እትም የቃላት ማውጫውን በጣም አሰፋው፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ተጠቃሚ ወደ መጽሐፉ የሚዘልቀው በዚያ በኩል ነው፣ ስድስቱን ክፍሎች ልብ የሚላቸው ጥቂት ነው። መጽሐፉ ታዋቂ ከመሆኑ የተነሣ የፒተር ፓን ደራሲ ጄ. ኤም. ባሪ እንኳ የባሕር ወንበዴውን ካፒቴን ሁክ ፈጽሞ ክፉ አለመሆኑን ለማሳየት የጠቀሰው በመርከቡ ክፍል ውስጥ ይህ መጽሐፍ መኖሩን ነው።

ኮምፒውተር ላይ ቃል ስትጫኑ የሚመጣው አጭር ዝርዝር የዚሁ ሥራ ዘር ነው፤ ግን ተቃራኒውን ማዶ ያኖረው አቀማመጥ የለውም። ያንን ማየት ለሚፈልግ የ1911 እትም የባለመብትነት ዘመኑ ስላለፈ በፕሮጀክት ጉተንበርግ በነጻ ይገኛል። ብዙ ቃሉ አርጅቷል፤ አጠገቡ ምሳሌ ዐረፍተ ነገር የሚሰጥ መዝገበ ቃላት ይኑር።