ተቆርጦም የሚተነፍስ አትክልት

ከፔሩ ዋና ከተማ ከሊማ ወደ ደቡብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ኢካ ይደረሳል። ዝናብ የማያውቀው በረሃ ነው። በአሸዋው መሀል ግን ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ አረንጓዴ ማሳ ይታያል፤ አስፓራገስ ነው፣ መድረሻውም የአሜሪካና የአውሮፓ ገበያ።

የሚበላው ቅርንጫፍ ሳያወጣ የሚቆረጠው ለጋ ግንድ ነው። ሥሩ አንዴ ከተተከለ 10 ዓመት ገደማ ያገለግላል። በአውሮፓ ብርዱ ሥሩን ስለሚያስተኛው ምርቱ የሚገኘው በዓመት አንዴ፣ በጸደይ ነው። ኢካ ላይ እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለ ተክሉን የሚያስተኛው ገበሬው ራሱ ነው። የጠብታ መስኖውን ይዘጋል፤ ላባ የመሰለውን ቅጠል ያጭዳል፤ ውሃውን መልሶ ሲለቅ ሥሩ ነቅቶ ያቆጠቁጣል። በዚህ ዘዴ በዓመት ሁለት ጊዜ ይለቀማል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥድፊያ ነው። ግንዱ በሞቃት ቀን 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊረዝም ይችላል። ዛሬ የታለፈው ነገ ጫፉ ተበትኖ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ለቃሚዎቹ ያንኑ መስመር በየማለዳው ይመላለሱበታል።

ቢቆረጥም ሕይወቱ አይቆምም። እንደ አስፓራገስ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ አትክልት ጥቂት ነው፤ ስኳሩን እየጨረሰ ይሞቃል፣ ከተቆረጠበት በኩልም እንደ እንጨት እየጠነከረ ይሄዳል። ጋደም ካደረጉት ደግሞ ጫፉ ወደ ላይ ይቆለመማል። ካርቶን ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ለዚህ ነው፤ ከሥሩ እርጥብ ንጣፍ ይደረግለታል፣ በጉዞ ላይም ስለሚረዝም ከላይ ክፍተት ይተውለታል።

እስትንፋሱን በዋናነት የሚያዘገየው ቅዝቃዜ ነው። ማሸጊያ ቤት እንደገባ እንደ በረዶ በቀዘቀዘ ውሃ ይነከራል፤ ከዚያ በኋላ ከ0 እስከ 2 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ይያዛል። ከቦሌ የሚጫነውን ጽጌረዳ የሚያውቅ ሰው ጭንቀቱ ይገባዋል፤ ካርቶኑ ፀሐይ ላይ የቆየባት እያንዳንዷ ሰዓት ከገዢው ማቀዝቀዣ ቀን ትቀንሳለች። አሜሪካ ሲደርስም ተባይ ይዞ እንዳይገባ ለዓመታት በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ ይታጠን ነበር፤ ይህም ዕድሜውን ያሳጥረው ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ የውሃው ነገር ነው። ተክሉን ለመቀስቀስ የሚለቀቀው ውሃ የሚቀዳው ከከርሰ ምድር ነው፤ የሚቀዳውም ከሚተካው ይበልጣል። ትልልቆቹ እርሻዎች ጉድጓዳቸውን እያጠለቁ ውሃውን ይከተሉታል፤ አቅም የሌለው ትንሽ ገበሬ ግን ጉድጓዱ ሲነጥፍ ቆሞ ያያል። መንግሥት በኢካ አዲስ ጉድጓድ እንዳይቆፈር ቢከለክልም፣ ቀድሞ በተቆፈሩት ጉድጓዶች ላይ ያሉት ፓምፖች አሁንም ይስባሉ።