የአረም መድኃኒት ሕመምና የካሣው ስሌት

በአረም መድኃኒት ምክንያት ለመጣ ሕመም ካሣ ከመሰላቱ በፊት ሦስት ነገር መታወቅ አለበት፤ በሽታው ምንድን ነው፣ በሽታውን ያመጣው ምንድን ነው፣ የታመመው ሰው ምን ያህል አጣ። የመጀመሪያውን ሐኪም ይመልሰዋል። ለመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕግ የስሌት መንገድ አስቀምጧል። መካከለኛው ግን በጋሞ ዞን ምዕራብ ዓባያ ወረዳ ማሳ ለማሳ እየዞረ የሚረጭ ሰው በእጁ ባለው ማስረጃ የሚመልሰው አይደለም፤ ስሌቱ ሳይጀመር የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው።

የወረዳው ቆላ ከጋሞ ተራሮች ግርጌ እስከ ዓባያ ሐይቅ ዳር ይዘረጋል። በብርብርና በዋጅፎ ዙሪያ ሙዝ፣ በቆሎ፣ ጥጥና ማንጎ ይመረታል፤ ሙዙ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ይገባል። በማሳው መካከልና በየጓሮው የሽፈራው ዛፍ አለ፤ ቅጠሉ ከእህል ከሚሠራው ኩርኩፋ ጋር የዕለት ምግብ ስለሆነ፣ ከጎን ካለው ማሳ ነፋስ የሚያመጣው መድኃኒት ድስት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለሙዝ የሚስማማው ሙቀትና የመስኖ ውኃ ለአረምም ይስማማል። ቀድሞ አረሙ የሚወጣው በእጅና በመኮትኮቻ፣ በቤተሰብና በደቦ ጉልበት ነበር። አሁን መርጫ በጀርባው ያዘለ አንድ ሰው የብዙ ሰው ሥራ በግማሽ ቀን ይጨርሳል። ከዘር በፊትና በሙዝ ረድፎች መካከል ግላይፎሴት ይረጫል፤ በእህል ማሳ ላይ ቅጠለ ሰፊ አረም ለማጥፋት ደግሞ ቱፎርዲ።

በብርብር አካባቢ በመርጫ ልክ እየተከፈለው የሚሠራ አንድ አባወራ እንደሚለው፣ መስኖ በጠጣ መሬት ላይ ቦቲ ጫማ ጭቃና ውኃ ስለሚሞላበት በባዶ እግሩ ይረጫል። መርጫው ያንጠባጥባል፤ ጀርባው ሲርስ ላብ ይሁን መድኃኒት አይለየውም። ነፋስ ከሐይቁ ሲነሣ የረጨው ወደ ፊቱ ይመለስበታል። ማታ ቆዳው ሲያቃጥለው መርዙን ያወጣል ተብሎ የሚታመነውን ወተት ይጠጣል። የረጨውን ሁሉ በስሙ አያውቀውም፤ አንዳንዱን የሚለየው በክዳኑ ቀለም ብቻ ነው። ሲናገር ደጋግሞ የሚመለሰው ግን ወደ አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን ማሳ ረጭቶ ከዓመታት በኋላ ቢታመም፣ ከማሳዎቹ ሁሉ ባለቤቶች ማንን ይከሳል?

ይህ ጥያቄ ከሳይንሱም ይከብዳል። ሳይንሱ ራሱ ቀላል አይደለም። ቱፎርዲ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የተገኘ ነው፤ አሜሪካ በቬትናም ጦርነት ደን ለማራገፍ ከረጨችው ኤጀንት ኦሬንጅ ግማሹ እሱ ነበር። ከኤጀንት ኦሬንጅ ጋር ስሙ የሚነሣው ዳይኦክሲን የመጣው ግን በዋናነት ከሌላው ግማሽ፣ ከ2፣4፣5-ቲ ነው። ግላይፎሴት በ1974 እ.ኤ.አ. ራውንድአፕ በሚል ስም ገበያ ወጣ። በሊዮን የሚገኘው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በመጋቢት 2015 እ.ኤ.አ. ግላይፎሴትን ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው ብሎ በምድብ 2ኤ አስቀመጠው፤ በዚያው ዓመት ቱፎርዲን ካንሰር ሊያመጣ ይችላል በሚለው ምድብ 2ቢ መደበው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በግላይፎሴት ላይ በዚህ አልተስማማም፤ የአውሮፓ ኅብረትም በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ፈቃዱን ለ10 ዓመት አድሶታል። ስለዚህ በዓለም ፊት አከራካሪ የሆነውን ነገር አንድ የምዕራብ ዓባያ ረጪ ብቻውን በአንድ ችሎት እንዲያረጋግጥ ይጠበቃል ማለት ነው። ይህ ፍትሐዊ ጥያቄ አይደለም።

የነፍሳት መድኃኒት በዚህ ረገድ ይሻላል። ኦርጋኖፎስፌት የተባሉት በደም ውስጥ ያለውን የኮሊንስቴሬዝ ኤንዛይም አቅም ስለሚቀንሱ በላቦራቶሪ ሊለካ የሚችል ምልክት ይተዋሉ። በ1998 እ.ኤ.አ. ያለምፀሐይ መኮንን ከባልደረባቸው ጋር በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት የሰሜን ኦሞ መንግሥት እርሻ ሠራተኞችን የሚመለከት ነበር፤ የዛሬው ጋሞ በዚያን ጊዜ የሰሜን ኦሞ አካል ነው። ጥናቱ ለክሎርፒሪፎስና ለፕሮፌኖፎስ የተጋለጡ ሠራተኞችን የጤና ሁኔታ ፈትሿል። ግላይፎሴት ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል፤ ሊምፎማ የተባለው ካንሰር የሚታየው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። በሽታው ሲመጣ መድኃኒቱ የለም። ሌላም ልዩነት አለ። የመንግሥት እርሻ ሠራተኛ አንድ አሠሪና የደመወዝ መዝገብ ነበረው። በግል ማሳ የሚዞረው ረጪ ሁለቱም የሉትም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጠረ ሰው በቂ መንገድ ይከፍታል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ምክንያት ለሚመጣ በሽታ ኃላፊ ነው። የጉዳቱን መጠን የሕክምና ቦርድ ይወስናል። ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ለደረሰበትና ኢንሹራንስ ለሌለው ሠራተኛ የአምስት ዓመት ደመወዝ ይከፈላል፤ ጉዳቱ ከዚያ በታች ከሆነ እንደ መቶኛው። ለምሳሌ በወር 4,000 ብር የሚያገኝ ሰው የዓመት ገቢው 48,000፣ የአምስት ዓመቱ 240,000 ነው፤ ቦርዱ 30 በመቶ ቢል 72,000 ብር ይደርሰዋል። በመርጫ ልክ የሚከፈለው ሰው ግን በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ተቋራጭ ነው ሊባል ይችላል፤ ያኔ አዋጁ አይነካውም።

የሚቀረው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ቁጥር 2069 መርዛማ ነገር በመጠቀም ወይም በማከማቸት ጉዳት ያደረሰን ሰው ጥፋት ሳይጠይቅ ኃላፊ ያደርጋል። ቁጥር 2085 ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ አምራች፣ ዕቃው በተለመደው አጠቃቀም ላደረሰው ጉዳት እንዲከፍል ያዛል። በባዶ እግርና ያለጓንት መርጨት የተለመደ አጠቃቀም ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር መነሣቱ አይቀርም፤ በምዕራብ ዓባያ ግን የተለመደው ይኸው ነው። የጉዳቱ ልክ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ዳኛው በርትዕ እንዲቆርጥ ቁጥር 2102 ይፈቅዳል፤ ደመወዝ በማይጻፍበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሞራል ካሣው ግን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ቁጥር 2116 ገድቦታል። ሕጉ ሲወጣ ያ ገንዘብ ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋ ነበር። ዛሬ ከብርብር ለሕክምና አዲስ አበባ ደርሶ መመለሻ እንኳ አይበቃም። በቁጥር 2143 ደግሞ ክሱ ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ቀስ ብሎ ለሚመጣ በሽታ ሁለቱ ዓመት ከመቼ እንደሚቆጠር አከራካሪ ነው።

በአካባቢው ካሉት መሥሪያ ቤቶች የአንዱ ኃላፊ እንዲህ ያለ አቤቱታ ቀርቦ ያውቅ እንደሆነ ተጠይቀው መልስ ለመስጠት አልፈቀዱም።

በሌላው ዓለም የተሰሉት ካሣዎች ዳኞች ቁጥሩን ከየት እንደሚያመጡት ያሳያሉ። በካሊፎርኒያ የትምህርት ቤት ግቢ ተንከባካቢ የነበረው ድዌይን ጆንሰን ራውንድአፕ ሲረጭ ቆይቶ በሊምፎማ ታመመ። በነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. የሳን ፍራንሲስኮ ጁሪ 289 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት፤ 250 ሚሊዮኑ አምራቹን ሞንሳንቶን መቅጫ ነበር። ለወደፊት ሥቃዩ የተቆረጠለት 33 ሚሊዮን በዓመት አንድ ሚሊዮን ሆኖ ለ33 ዓመት የታሰበ ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. ሰውየው ያን ያህል ዓመት እንደማይኖር ጠቅሶ ይህን ወደ 4 ሚሊዮን አወረደው፤ ጠቅላላው ወደ 20.5 ሚሊዮን ዝቅ አለ። በሽታው ዕድሜውን ስላሳጠረ ካሣውም አጠረ። እንዲህ ያለው ስሌት የታመመን ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ሞንሳንቶን የገዛው ባየር በዚያው ዓመት ሰኔ ጥፋቱን ሳያምን የራውንድአፕ ክሶችን ለመዝጋት እስከ 10.9 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

በፈረንሳይ ፖል ፍራንስዋ የተባለ ገበሬ በ2004 እ.ኤ.አ. ላሶ የተባለ የአረም መድኃኒት ተን ተነፈሰና ታመመ። የሊዮን ፍርድ ቤት በ2012 ሞንሳንቶን ኃላፊ አደረገ፤ ሙግቱ እስከ ሰበር ደርሶ ኃላፊነቱ በ2020 ጸና፤ አንዱ ምክንያት በዕቃው ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ በቂ አለመሆኑ ነው። በታኅሣሥ 2022 የተቆረጠለት ግን ከጠየቀው ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ውስጥ 11,135 ዩሮ ብቻ ነበር። ኃላፊነትን ማስረዳት ካሣ ማግኘት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ለምዕራብ ዓባያ የሚጠቅመው የፈረንሳይ ሌላኛው መንገድ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ፓርኪንሰንን በ2012 እ.ኤ.አ.፣ ሊምፎማን በ2015 እ.ኤ.አ. የገበሬዎች የሥራ በሽታ ብሎ መዘገበ፤ 10 ዓመት የተጋለጠ ሰው መድኃኒቱ አምጥቶብኛል ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። የፈረንሳይ ግዛቶች በሆኑት በማርቲኒክና በጓዴሉፕ የሙዝ እርሻዎች እስከ 1993 ለነፍሳት ይረጭ የነበረው ክሎርዴኮን ላመጣው የፕሮስቴት ካንሰርም በ2021 እንዲሁ ተደረገ። ከ2020 ጀምሮ ለፀረ ተባይ ተጎጂዎች የሚከፍል ፈንድ አለ። ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችንም በሠንጠረዥ የተዘረዘረ በሽታ በተጓዳኙ ሥራ የተሠማራን ሠራተኛ ሲይዝ፣ መያዙ ብቻ በሥራው ምክንያት ለመምጣቱ በቂ ማስረጃ ነው ይላል። መድኃኒቱንና በሽታውን በስም ከተጋለጡበት ዓመት ጋር የሚያያይዝ ሠንጠረዥ ማውጣት፣ በመርጫ ልክ የሚከፈለውንም በዚያ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ገንዘቡም መድኃኒቱ በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ሲመዘገብና ሲገባ ከአስመጪዎች ሊሰበሰብ ይችላል፤ ያኔ ከማሳዎቹ ባለቤቶች ማንን ልክሰስ የሚለው ጥያቄ አይነሣም።

ያ እስኪሆን የሚታመሙት ቤተሰቦች ወጪውን ራሳቸው ይሸከማሉ፤ ለሕክምና ወደ አርባ ምንጭ፣ ካንሰር ሲሆን ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፣ ከብት ይሸጣል፣ ማሳው በኪራይ ይሰጣል። የብርብሩ ረጪ መድኃኒት የገዛበት ደረሰኝ በእጁ የለም፤ የሚገዛው ባለማሳው ነው።

ዛሬ ባለው ሕግ ለካሣ የሚረዳው ማስረጃ የሚሰበሰበው በሽታ ከመምጣቱ በፊት ነው። የዕቃው ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ሲነሣ የመድኃኒቱ ስምና አምራቹ ይታወቃል። የተረጨበት ቀን፣ የባለማሳው ስምና የተከፈለው ገንዘብ በደብተር ከተጻፉ ገቢውንና የተጋለጠበትን ዘመን ያሳያሉ። ጤና ጣቢያ ሲኬድ ካርዱ ላይ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ሥራውና የተረጨው መድኃኒት ቢጻፍ፣ ቦርድም ሆነ ዳኛ ከዓመታት በኋላ የሚያነበው ወረቀት ይኖራል።