ከአሮጌ ዕንጨት የአናጢ ጠረጴዛ ስለ ማበጀት

ገበሬ ያለ መሣሪያ አያርስም፥ መሣሪያም ያለ ባለ እጅ አይበጅም። ሞፈር ሲሰበር፥ ቀንበር ሲሰነጠቅ፥ የዶማና የመጥረቢያ እጀታ ሲወልቅ ገበሬው የሚሮጠው ወደ ሰፈሩ አናጢ ነው። ይህም ችግር ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ዝናብ ጥሎ መሬቱ ከራሰና በሬ ከተጠመደ በኋላ ነውና፥ በዚያ ሰሞን በከንቱ የሚያልፍ እያንዳንዱ ቀን ከዘሩ ወራት ላይ ይጐድላል።

በምዕራብ ሸዋ ከአምቦ በጌዶ አልፎ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው እጃጂ የኢሉ ገላን ወረዳ ከተማ ናት። አካባቢዋ በቆሎና ጤፍ የሚዘራበት፥ እርሻውም ከሞላ ጐደል በበሬ የሚከናወንበት አገር ነው። እንደዚህ ባሉ የገጠር ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉት ቀበሌዎች አናጢው ብዙ ጊዜ የሚሠራው መሬት ላይ ተቀምጦ፥ ዕንጨቱን በእግሩ ረግጦ ነው። ዕንጨቱ ስለሚንሸራተት መጋዙ ከመሥመር ይወጣል፤ መሮው እግር ያቈስላል፤ ወገብም ከጊዜው በፊት ይጐብጣል። ጽኑ ጠረጴዛ ያለው አናጢ ግን ዕንጨቱን ጠረጴዛው ስለሚይዝለት ሁለቱ እጆቹ ለመሣሪያው ነጻ ይሆናሉ፤ ሥራውም ይቀናል፥ ይፈጥናልም።

ለዚህ ጠረጴዛ ሲባል ሕያው ዛፍ መቍረጥ አያስፈልግም። ዋንዛ፥ ዝግባ፥ ጥድና ኮሶ ስለ ተመናመኑ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጡ ከልክሎ ነበር። ዋንዛን ለመጣል ጥቂት ሰዓት ይበቃል፥ ለማሳደግ ግን ብዙ ዓመት ይፈጃል። ይልቁንም ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በሸዋ የተስፋፋው ባሕር ዛፍ ለእግርና ለአግዳሚ ይበቃል፤ የቀረውም ጣውላ ከተጣለ ዕቃ ይገኛል።

የተጣለውም ዕቃ ሩቅ አይደለም። በትምህርት ቤት ግቢ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር፥ በመሥሪያ ቤት ጓሮ የወለቀ በርና መስኮት፥ በጐተራ ደጃፍ የዕቃ መጫኛ ርብራብ፥ ቤት ከተሠራ በኋላ የተረፈ አጠና፥ በጐሚስታው ደጅ የተቀደደ ከመነዳሪ አለ። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሠሩ ባለ እጆች ከበርሜልና ከቍርጥራጭ ብረት ምድጃና ልዩ ልዩ መሣሪያ አውጥተው ሲሸጡ የሚያይ ሰው፥ አንዱ የጣለው ለሌላው ጥሬ ዕቃ መሆኑን ይረዳል።

ይሁን እንጂ ያገኙትን ሁሉ ማንሣት አይገባም። አሮጌ ዕንጨት በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ቢሰጥ ደኅና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ቢሰጥ ወይም ከቀዳዳው ዱቄት ቢረግፍ ውስጡ ተበልቷልና ይቅር። ከውጭ አገር ዕቃ ተጭኖበት በመጣ ርብራብ ላይ በፈረንጅ ፊደል የታተመ ማኅተም ይፈለግ። «ኤች ቲ» የሚለው ዕንጨቱ በሙቀት ተባይ የተገደለበት መሆኑን ያመለክታል፤ ሙቀቱም እስከ ዕንጨቱ ልብ 56 ዲግሪ ደርሶ 30 ደቂቃ የቈየ ነው። «ኤም ቢ» የሚለው ግን ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዝ የታጠነ ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ አይወሰድ። የተባይ መድኃኒት የፈሰሰበት ዕንጨትም እንዲሁ ይተው። ነዳጅ የነበረበት በርሜል ባዶ ቢመስልም በውስጡ የቀረው ትነት በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳልና፥ ማንም በብየዳ ወይም በመቍረጫ መኪና እንዳይነካው ማስጠንቀቅ የሹሙ ግዴታ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ምስማሩ ሁሉ በጉጠት ይነቀላል፤ የጐበጠውም በድንጋይ ላይ ተቃንቶ ይቀመጣል። አንድ የተረሳ ምስማር የመላጊያን ስለት ያበላሻልና ጣውላው በእጅና በዓይን ደጋግሞ ይመርመር። ለእግር የሚሆነው አጠና ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ፥ ልጡ ተልጦ፥ በጥላ ሥር ከመሬት ከፍ ብሎ የደረቀ ይሁን። ርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፥ መጋጠሚያውም ይላላል።

የጠረጴዛው ቁመት አናጢው ቀጥ ብሎ ቆሞ ክንዱን ወደ ታች ሲዘረጋ የእጁ አንጓ የሚደርስበት ነው፤ ይኸውም ለብዙ ሰው ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ርዝመቱ 180፥ ወርዱም 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሞፈርና ቀንበር ለመጠገን ይበቃል። አራቱ እግሮች ከላይና ከታች በአግዳሚ ይያያዛሉ፤ የአግዳሚው ጫፍ እንደ ምላስ ተጠርቦ በእግሩ ላይ በተበሳው ቀዳዳ ይገባል። በጀርባውና በሁለቱ ጐኖች በሰያፍ የሚመታ ድጋፍ መዘንጋት የለበትም፤ ጠረጴዛ ሲላጉበት እንዳይወዛወዝ የሚያደርገው ይህ ነው። በላዩ ከሚረበረበው ጣውላ ወፍራሙ መዶሻ በሚያርፍበት በፊት በኩል፥ ስሱም ተደርቦ በኋላ በኩል ይሁን። የምስማሩም ራስ ከጣውላው ገጽ በታች ይስረግ።

ሞርሳ ለመግዛት ያልቻለ በዘዴ ይተካዋል። በጠረጴዛው ላይ ሁለት ዕንጨት፥ አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው ጥቂት ዘመም ብሎ ይመታል፤ የሚሠራው ዕንጨት በመካከላቸው ገብቶ በወይራ ሽብልቅ ይጠብቃል። በኮላ የተጣበቀ ዕንጨትም እስኪደርቅ ድረስ በቀጭኑ በተቈረጠ ከመነዳሪ እየተሳበ ቢጠመጠም ጽኑ ሆኖ ይያዛል። ከተረፈው ጣውላ የመሣሪያ ሣጥንና በርጩማ ይወጣል፤ ወለሉ አፈር በሆነ ቤት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይመረጣል፥ መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም አይነቃነቅምና። የጠረጴዛው እግሮች በዝርግ ድንጋይ ላይ ይቁሙ፤ ምስጥ የአፈር መንገዱን ሲሠራ ቶሎ ታይቶ ይጠረጋል።

የሚገዛው እንግዲህ ጥቂት ምስማርና ኮላ ብቻ ነው። ከሹማምንት የሚፈለገው ገንዘብ ሳይሆን ፈቃድና ሥርዐት ነው። በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ግቢ የወደቀው ዕንጨት የመንግሥት ንብረት ስለ ሆነ፥ ተቈጥሮ በመዝገብ ሳይሰፍርና በደንቡ መሠረት ሳይወገድ ለማንም አይሰጥ፤ ነገር ግን መዝገቡ እስኪጣራ እየተባለ ዝናብና ምስጥ እንዲጨርሱትም አይተው። የመጀመሪያው ጠረጴዛ በቀበሌው የገበሬዎች ማሠልጠኛ ቢቆም ብዙ አናጢ አይቶ ይቀዳዋል። ባለ ይዞታዎችም ከግቢያቸው የተረፈውን አጠና ቢለግሱ ጥቅሙ በእርሻቸው ወራት ይመለስላቸዋል።

ከሁሉም በላይ ባለ እጁ ይከበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ገበሬው በሰኔ ደጁን የሚያንኳኳበትን አናጢ በጥር መናቅ ራስን መጉዳት ነው። ስለዚህ መከሩ ከተሰበሰበ በኋላ፥ ጥርና የካቲት ሳያልፉ፥ እያንዳንዱ ወረዳ ግቢውን ቢቃኝ፥ አናጢዎቹን ጠርቶ ቢያማክርና ዕንጨቱን ቢያስለይ፥ ዝናቡ ሲጥል የተሰበረው ሞፈር በዕለቱ ተጠግኖ ወደ እርሻው ይመለሳል።